እኩላለሁ ብሎ ዓይን ማጥፋት

በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ እኔ ተማሪ ነበርኩ። የአሜሪካ ዘፋኞች አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ተሰብስበው ለእኛ ለተራቡት «ዊ አር ዘ ወርልድ» የተባለውን ዘፈን መዝፈናቸውን የሰማነው በወሬ ነው። ፊልሙን ያየሁት ግን ከዓመታት በኋላ፣ ቪዲዮ ቤቶች እንደ አሸን በፈሉበት ዘመን ነበር። ከሁሉም ዓይኔን የሳበው ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ራሱን ግራና ቀኝ እየወዘወዘ የሚዘፍነው ስቲቪ ወንደር ነው። ከጓደኞቼ አንዱ «ምን ሆኖ ነው ዓይኑ የጠፋው?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው እርግጠኛ ሆኖ «ፈንጣጣ ነው» አለ። «ኧረ ትራኮማ ነው» ብሎ የተከራከረም ነበር። ምን ይፈረድብናል! እኛ የምናውቃቸው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የምናያቸው ዓይነ ስውራን ወይ ፈንጣጣ ወይ ትራኮማ ያጠፋቸው ነበሩ። አሜሪካን አገር የሰው ዓይን በምን እንደሚጠፋ ከየት እናውቃለን?

መልሱን ያገኘሁት አሁን ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። የስቲቪ ወንደርን ዓይን ያጠፋው የድህነት በሽታ አይደለም። እንዲያውም ተገላቢጦሹ ነው። ሰውዬው የተወለደው እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 1950 ሚሺጋን ውስጥ ሳጊኖው በምትባል ከተማ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። በየመስመሩ «እ.ኤ.አ.» እያልኩ አላሰለቻችሁም።) የተወለደው ቀኑ ሳይደርስ ነበርና እኛ «ማሞቂያ» የምንለው ኢንኩቤተር ውስጥ ገባ። ኦክስጅን ተለቀቀለት። ነፍሱ ተረፈች፤ ዓይኑ ግን ጠፋ። በዚያን ዘመን እንደ እሱ የሆኑት ሕፃናት በዓለም ዙሪያ ወደ 10 ሺህ ይጠጋሉ። ከእነሱ ውስጥ 7 ሺህ ያህሉ አሜሪካውያን ነበሩ።

ይህን ሁሉ እንዳነብ ያደረገኝ ግን ዘፈን አይደለም። የታናሽ እህቴ ልጅ በሰባት ወሯ ተገላገለች። ሕፃኗ አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም ነበረች። እኔም እንደ ቤተሰቡ ታላቅ ማሞቂያ ክፍሉ በር ላይ ቆሜ ነበር። አንድ ቀን እንድገባ ተፈቀደልኝና ጋውን ለብሼ ገባሁ። ሕፃኗ ደረቷ ወደ ውስጥ እየሰረጎደ ትተነፍሳለች፤ እግሯ ላይ ቀይ መብራት ያለው ትንሽ ነገር ታስሯል፤ ከጎኗ ያለው ስክሪን ላይ 92 ይላል። ለእኔ 92 ከመቶ ስምንት የጎደለው ነው። ስለዚህ ነርሷን «ሲስተር፣ እባክሽ ትንሽ ከፍ አድርጊላት፤ አየር አጥሯታል እኮ» አልኳት። «አይደረግም ጋሼ» አለችኝ። «ከ90 እስከ 95 ነው የምንፈልገው፤ ከዚያ ካለፈ እንዲያውም እንቀንሳለን።»

እንቀንሳለን! በእውነት ተናደድኩ። ውጪ ወጥቼ ለእህቴ «ኦክስጅን እየቆጠቡ ነው» አልኳት። እሷም «ወንድም ጋሼ፣ የምታውቀው ትልቅ ሰው የለም እንዴ?» አለችኝ። ደግነቱ የማውቀው ትልቅ ሰው አልነበረም።

ታዲያ ያቺ ነርስ የነገረችኝ ቁጥር ከየት እንደመጣ ብትጠይቁኝ፣ ታሪኩ ረጅም ነው፤ ብዙ ሕፃናትም አሉበት።

ድሮ ድሮ ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅ የእግዜር ነበር። ከኖረ ኖረ፣ ካልኖረ አልኖረም። ማሞቂያው በ1880ዎቹ ፓሪስ ውስጥ በሐኪሙ ስቴፋን ታርኒዬ ተሠርቶ በሥራ ላይ ዋለ። አሜሪካኖች ግን መጀመሪያ ቁም ነገር አላደረጉትም። ሐኪም ስለመሆኑ እንኳ ማስረጃ ያልተገኘለት ማርቲን ካውኒ የሚባል ሰው ኒው ዮርክ፣ ኮኒ አይላንድ በሚገኘው መዝናኛ ውስጥ ከ1903 እስከ 1943 ድረስ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን በማሞቂያ አስቀምጦ በ25 ሳንቲም ለጎብኚ ያሳይ ነበር። ነውር ነው አትሉም? ነውርነቱስ ነውር ነው። ነገር ግን ሆስፒታሎች የተዉአቸውን ልጆች ወስዶ፣ ከወላጆቻቸው ሰባራ ሳንቲም ሳይቀበል፣ በመግቢያ ትኬት ገንዘብ ብዙዎቹን አሳድጓል። እነዚያ አሮጌ ማሞቂያዎች እንደ ቁም ሣጥን ነበሩ፤ አየር ከየስንጥቁ ያስወጣሉ። ኦክስጅን ቢለቀቅባቸው እንኳ አይዙትም። በ1940ዎቹ የመጡት አዳዲሶቹ ግን በደንብ የሚገጥሙ ነበሩና ኦክስጅኑ ሳይባክን ውስጣቸው ይከማቻል። ከንፈሩ የጠቆረው ሕፃን ወዲያው ቀይ ይሆናል፤ የሚቆራረጠው አተነፋፈስ ይስተካከላል። ዓይን እያየ ለውጥ የሚያመጣ መድኃኒት! ማን ይጠላዋል? በየሆስፒታሉ ሕፃኑ ቢጠቁርም ባይጠቁርም ለሳምንታት ኦክስጅን መስጠት ደንብ ሆነ።

በ1941 ስቱዋርት ክሊፎርድ የሚባል የቦስተን የሕፃናት ሐኪም፣ ያለጊዜዋ ተወልዳ ማሞቂያ ያሳደጋትን የሦስት ወር ልጅ ሊያይ ወደ ቤቷ ሄደ። ዓይኖቿ ይዋልላሉ፣ ብርሃን አይከተሉም፤ ከብሌኗ በስተጀርባ ግራጫ ነገር ይታያል። የጠራው የዓይን ሐኪም እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ልጅ ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። የዓይን ሐኪሙ ቴዎዶር ቴሪ በ1942 ስለ በሽታው የመጀመሪያውን ጽሑፍ አወጣ። ቴሪ ከዚያ በኋላ ከመቶ በላይ ሕፃናትን መዝግቦ፣ ምክንያቱን ሳያውቅ በ1946 ሞተ። በሽታው «ሬትሮሌንታል ፋይብሮፕላዥያ» ተባለ፤ ከዓይን ሌንስ ጀርባ የሚበቅል ጠባሳ እንደማለት ነው። ሐኪሞች የማያውቁትን ነገር በላቲንና በግሪክ ሲጠሩት ያወቁት ያስመስለዋል።

ግራ የሚያጋባው ነገር ምን መሰላችሁ? በሽታው የሚበረታው ጥሩ ጥሩ ሆስፒታሎች ውስጥ ነው። ዕቃ የሌለው፣ ነርስ ያነሰው፣ የድሃ ሆስፒታል ውስጥ ያን ያህል አይታይም። በሽታ እኮ እንደዚህ አይደለም! ድሃ ቤት ሲገባ እንጂ ሀብታም መርጦ ሲገባ አይተን አናውቅም። ስለዚህ ሐኪሞቹ በእጃቸው ያለውን ትተው ሩቅ ሩቁን ያዩ ጀመር። ብረት ነው ተባለ፤ ቫይታሚን አንሶ ነው፣ የለም በዝቶ ነው ተባለ፤ የላም ወተት ነው፣ ብርሃን ነው እየተባለ ዓይናቸው የተሸፈነ ሕፃናትም ነበሩ። ዊሊያም ሲልቨርማን የሚባለው የኒው ዮርክ ሐኪም በኋላ ሲቆጥረው ሃምሳ ያህል ምክንያቶች ተጠርጥረው ነበር።

ስለዚህ ሲልቨርማን ትንሽ ልናገር፤ የታሪኩ እንብርት ለእኔ እሱ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ላይ ቤቢስ ሆስፒታል በሚባለው ሲሠራ፣ ደጋግሞ ፅንስ የጨነገፈባት እናት ያለጊዜዋ የወለደቻት ልጅ እጁ ገባች። ዓይኗ መበላሸት ጀመረ። ሐኪሙ የሚያደርገው ቢያጣ ያኔ አዲስ የነበረውንና ብዙ የተወራለትን ኤሲቲኤች የተባለ ሆርሞን ሰጣት። ዓይኗ ተሻላት! እንግዲህ ከዚህ በኋላ ማን ያቆመዋል? 31 ሕፃናት ላይ ሞከረው፤ 25ቱ ጤነኛ ዓይን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሆርሞኑ ባልተሰጠበት ሊንከን ሆስፒታል ደግሞ በሽታው ከጀመራቸው 7 ሕፃናት መካከል 6ቱ ታወሩ። በቃ፣ መድኃኒቱ ተገኘ! እኔ ብሆን ጋዜጣ ጠርቼ አስጨበጭብ ነበር።

ሲልቨርማን ግን ሁለቱ ሆስፒታሎች አንድ አይደሉም ብሎ ተጠራጠረ። ስለዚህ በዚያ ዘመን ሐኪም የማያደርገውን አደረገ፤ ዕጣ አወጣ። ነጭና ሰማያዊ ብይ ሣጥን ውስጥ ከተተና አንዱ ከወጣ ሆርሞኑ ይሰጣል፣ ሌላው ከወጣ አይሰጥም። በሕፃን ዓይን ላይ ብይ! እስቲ አስቡት፤ የዚያ ልጅ አባት ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ውጤቱ ሲመጣ ሆርሞኑን ካገኙት አንድ ሦስተኛው ታውረዋል፤ ካላገኙት ግን አንድ አምስተኛው ብቻ። ብዙ የሞቱትም ካገኙት ወገን ነው። ለካ በሽታው ሲጀምር አይቶ ለተወው ሰው፣ አብዛኛው በራሱ ጊዜ ይመለሳል። ያቺ የመጀመሪያዋ ልጅም የዳነችው ምናልባት ስለታከመች ሳይሆን፣ ልትድን ስለነበረ ነው። ሲልቨርማን እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ፣ 2004 ማለት ነው፣ ይህን ነገር ሲናገርና ሲጽፍ ኖረ፤ ሌላውን ከመክሰስ ይልቅ ራሱን መክሰስ ይቀናው ነበር። እንዲህ ዓይነት ሐኪም ብርቅ ነው።

ኦክስጅኑን መጀመሪያ የጠረጠሩት ግን ከአሜሪካ ውጪ ያሉ ሁለት ሴቶች ናቸው። ሜሪ ክሮስ የእንግሊዟ በርሚንግሃም ውስጥ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን የምታክም ሐኪም ነበረች። በሽታውን ያየችው መንግሥት በ1948 ሕክምናን ለሁሉም ነጻ ካደረገና ለአዲስ የኦክስጅን ዕቃ ገንዘብ ከተገኘ በኋላ ነው። ገንዘብ ሲመጣ ዓይን ጠፋ! ሁለተኛዋ ኬት ካምቤል የሜልቦርን ሐኪም ስትሆን የከተማዋን ሦስት ተቋማት አነጻጸረች። ኦክስጅን እንደ ልብ በሚሰጥበት ከመቶ ሕፃናት 19 ያህሉ ታመሙ፤ በቁጠባ በሚሰጥባቸው ግን ከመቶ 7 ብቻ። ይህን በ1951 አሳተመች። ስቲቪ ወንደር ያኔ የአንድ ዓመት ልጅ ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ግን አንዲት ሐኪም ከአውስትራሊያ የጻፈችውን አንብቦ «ለሚታፈን ሕፃን ኦክስጅን አትስጡ» የሚል ደፋር ከየት ይገኛል? አርናል ፓትዝ የሚባል ወጣት የዓይን ሐኪም ዋሽንግተን ውስጥ ጋሊንጀር በተባለው የከተማው የድሆች ሆስፒታል ሲሠራ ይህንኑ ጠርጥሮ ሙከራ ሊጀምር ገንዘብ ጠየቀ። የመንግሥቱ የጤና ምርምር ተቋም «ኦክስጅን ከልክለህ ሕፃናት ልትገድል ነው» በሚል ፍርሃት መጀመሪያ ከለከለው። ሰውየው ከወንድሙ ተበድሮ ጀመረ። ከሕፃናት ሐኪሙ ከሌሮይ ሆክ ጋር ሆኖ ግማሹን እንደ ደንቡ ብዙ ኦክስጅን፣ ግማሹን ሲያስፈልገው ብቻ መስጠት ሆነ።

እንግዲህ ማታ ማታ የሆነውን ስሙ። ሐኪሞቹ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ፣ ጥቂት ኦክስጅን የሚወስዱት ልጆች ያሳዘኗቸው ነርሶች ቀስ ብለው ይመጡና ቁልፉን ይከፍቱላቸዋል። ጠዋት ሐኪም ሳይመጣ ይዘጉታል። አንጀታቸው አልችል ብሎ እኮ ነው! እኔ ይህን ሳነብ ማሞቂያ ክፍሉ ውስጥ ቆሜ «ከፍ አድርጊላት» ያልኩት ትዝ አለኝና ብቻዬን አፈርኩ። ያቺ የእኛዋ ነርስ እንደ እነዚያ ርኅሩኅ ብትሆን ኖሮስ?

የፓትዝ ሙከራ ውጤት በ1952 ወጣ። ብዙ ኦክስጅን ከተሰጣቸው 28 ሕፃናት መካከል በ7ቱ ላይ በሽታው እስከ መጨረሻው ደረጃ ደረሰ። በቁጠባ ከተሰጣቸው 37ቱ ግን አንድም። አሁንም ግን ትንሽ ነው ተባለ። በ1953 ኤቨሬት ኪንዚ በሚባል ተመራማሪ አስተባባሪነት 18 ሆስፒታሎች በአንድነት 786 ሕፃናትን ይዘው ጀመሩ። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሦስት አንዱ ሕፃን በዕጣ እንደ ደንቡ ብዙ ኦክስጅን እንዲያገኝ ተደረገ፤ ከዚያ በኋላ ለሁሉም ቁጠባ ሆነ። የዚያ አንድ ሦስተኛ ልጆች ዕጣ ያሳዝነኛል። ወላጅን አስረድቶ ማስፈረም እንደ ዛሬው ባልተለመደበት ዘመን፣ ስንቱ እናትና አባት ልጃቸው በየትኛው ወገን እንደወደቀ ሳያውቁ ቀሩ? ውጤቱ በሴፕቴምበር 1954 ተነገረ። ብዙ ካገኙት ከመቶ 23ቱ፣ በቁጠባ ካገኙት ከመቶ 7ቱ የማይመለስ የዓይን ጠባሳ ያዛቸው። የሆስፒታሎች ቁልፍ በአንድ ጊዜ ተጠመዘዘ። ወረርሽኙም ጠፋ።

የአማርኛው ተረት «እኩላለሁ ብላ ዓይኗን አጠፋች» ይላል። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ይኸው ነው፤ ሰዎቹ ጥፋታቸውን ደረሱበት፣ አቆሙ። ጉዳዩ ግን እዚህ አላበቃም። ትልቁ ጥናት ሕፃናትን መቁጠር የጀመረው ከተወለዱ 48 ሰዓት ካለፋቸው በኋላ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ በኦክስጅን እጦት ማን እንደሚሞት ጥናቱ አላየም፤ ሊያይም አይችልም ነበር። ሐኪሞች ግን ይህን ዘንግተው ለሁሉም ከ40 በመቶ በላይ ኦክስጅን እንዳይሰጥ ደንብ አወጡ። ሳንባው ገና ያልበሰለው ልጅ በመጀመሪያው ቀን እየታፈነ መሞት ጀመረ። የታወረ ልጅ ይታያል፤ እናቱ እጁን ይዛ ሐኪም ቤት ትመላለሳለች፣ ጠበቃ ትቀጥራለች። በሁለተኛው ቀን የሞተ ልጅ ግን «ያለጊዜው ተወልዶ ነው» ተብሎ ይቀበራል። በ1973 ክሮስ የተባለ ተመራማሪ (ከሜሪ ክሮስ ጋር ስማቸው ተመሳሰለ እንጂ ሌላ ሰው ነው) «ላንሴት» መጽሔት ላይ ባወጣው ስሌት፣ ዓይኑ ለተረፈለት ለአንድ ልጅ 16 ያህል ልጆች ሞተዋል ብሎ ገመተ። ግምት ነው፤ የተከራከሩትም አሉ። ግን አንድ ለአሥራ ስድስት!

አሁን ኦክስጅን ዓይንን እንዴት እንደሚያጠፋ ልንገራችሁ። ሬቲና ማለት ከዓይናችን ኋላ እንደ ግድግዳ ወረቀት የተለጠፈው፣ ብርሃን ተቀብሎ ወደ አእምሮ የሚልከው ስስ ሽፋን ነው። ደሙን የሚያመጡለት የደም ሥሮች በእርግዝናው አራተኛ ወር አካባቢ ከመሐል ተነሥተው ወደ ዳር ዳር ይዘረጋሉ፤ ዳር የሚደርሱት ልጁ ሊወለድ ሲቃረብ ነው። በሰባት ወሩ የተወለደ ልጅ መስመሩ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። የሰፈራችንን ቧንቧ አስቡ። ክረምት ገብቶ ዝናቡ በየጣሪያው ሲወርድ ቧንቧ የሚዘረጋ የለም፤ የተቆፈረውም ይደፈናል። ብዙ ኦክስጅን እንደዚያ ክረምት ነው፤ የደም ሥሩ ማደጉን ያቆማል፣ ያደገውም ይዘጋል። ከዚያ ሕፃኑ ይጠነክርና ኦክስጅኑ ይነሣለታል። በጋ ገባ። ዳር ያለው ሬቲና ተጠማ፤ «ውሃ! ውሃ!» ብሎ ይጮኻል። ያን ጊዜ በጥድፊያ፣ ያለ ፕላን፣ በየአቅጣጫው ቧንቧ ይዘረጋል። የሚያፈስ፣ የሚፈነዳ፣ የተጠላለፈ። ደም ይፈስሳል፣ ጠባሳ ይሠራል፣ ጠባሳው ሲኮማተር ሬቲናውን ከግድግዳው ላይ ይልጠዋል። ሰዎቹን ያሳሳታቸውም ይኸው ነው። ጉዳቱ የሚታየው ኦክስጅኑ ከተነሣ ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ፣ «ለካ ኦክስጅን አንሶት ነው» ብለው ልጁን መልሰው ኦክስጅን ውስጥ የከተቱ ሐኪሞች ነበሩ!

ይህን ያስረዳው ለንደን ውስጥ ኖርማን አሽተን የሚባል ተመራማሪ በ1953ና በ1954 በድመት ግልገሎች ላይ ባደረገው ጥናት ነው። የድመት ግልገል ሲወለድ የዓይኑ የደም ሥር ልክ እንደ ሰባት ወር ልጅ ያልተጨረሰ ነው። ያ «ውሃ! ውሃ!» የሚለው ጩኸት ምን እንደሆነ ግን ገና አልታወቀም። አይዛክ ማይክልሰን የተባለ ሐኪም በ1948 «ከሬቲናው የሚመነጭ የሆነ ነገር አለ» ብሎ ገምቶ ነበር። ያ የሆነ ነገር በ1989 ስም አገኘ። ናፖሊዮኔ ፌራራ ካሊፎርኒያ ውስጥ ቪኢጂኤፍ የተባለውን የደም ሥር አብቃይ ፕሮቲን ለይቶ አወጣ። ያገኘው ካንሰርን በደም እጦት ለመግደል ሲባል የተሠራው አቫስቲን የተባለው መድኃኒት በ2004 ለአንጀት ካንሰር ተፈቀደ፤ ከዚያ የዓይን ሐኪሞች በትንሽ በትንሹ እየከፈሉ ዓይን ውስጥ መውጋት ጀመሩ። በ2011 የወጣ ጥናት ለእነዚህ ሕፃናትም እንደሚሠራ አሳየ። ከዚያ በፊት መድኃኒቱ ቅዝቃዜ ነበር። የሬቲናውን ዳር በብርድ ማቃጠል በ1988 በወጣው ትልቅ ጥናት የመታወርን አደጋ በግማሽ ገደማ ቀነሰ፤ ኋላ በሌዘር ተተካ። የተጠማውን ዳር አቃጥሎ መሐሉን ማዳን ነው። ጭካኔ ይመስላል፤ ግን ይሠራል፤ እስከ ዛሬም ይሠራበታል። መርፌው ደግሞ ወደ ደም ስለሚገባ፣ ሐኪሞች ልጆቹን ለዓመታት ይከታተሏቸዋል። በኤሲቲኤች የተቃጠለ ሰው ቢጠነቀቅ አይፈረድበትም።

እና ቁጥሩስ? 90 ነው ወይስ 95? በ1954 ጣት ላይ ታስሮ የሚለካ መሣሪያ አልነበረም፤ ከንፈር አይቶ ነው። ዛሬ ፐልስ ኦክሲሜትር አለ። በ2010 አሜሪካኖች 1,316 በጣም ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ግማሹን ከ85 እስከ 89፣ ግማሹን ከ91 እስከ 95 አድርገው ተከታተሉ። ከተረፉት መካከል ከባድ የዓይን በሽታ የያዛቸው ዝቅ ባለው ወገን ከመቶ 8.6፣ ከፍ ባለው 17.9 ሆኑ። የሞቱት ግን ዝቅ ባለው 19.9፣ ከፍ ባለው 16.2። ይኸውላችሁ፣ ከስልሳ ዓመት በኋላም ዓይንና ነፍስ በአንድ ሚዛን ላይ ናቸው! ሐኪሞቹ ነፍስን መረጡ፤ ቁጥሩን ወደ 90ዎቹ ከፍ አደረጉና ዓይኑን ደግሞ በየሳምንቱ እያዩ ሊያድኑ ወሰኑ። ያቺ ነርስ የነገረችኝ ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው።

እኛ አገር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የነበረው ችግር የኦክስጅን መብዛት ሳይሆን አለመኖር ነው። በ2016 ጤና ጥበቃ የኦክስጅን ዕቅድ ሲያወጣ ኦክስጅኑንና መለኪያውን፣ ፐልስ ኦክሲሜትሩን፣ አንድ ላይ አድርጎ ማሰቡ ደስ ይለኛል። ምክንያቱም ኦክስጅንን ከአየር ጋር የሚቀይጥ መሣሪያ በሌለበት ክፍል ከሲሊንደሩ የሚወጣው ንጹሕ ኦክስጅን ነው። የማሞቂያ ክፍሎች በየክልሉ እየተከፈቱ ነው፤ ተመስገን። ድሮ የሚሞቱ ልጆች አሁን ይተርፋሉ። የተረፈ ልጅ ግን ከተወለደ በአራተኛው ሳምንት ገደማ ዓይኑ መታየት አለበት፤ የሬቲና ሐኪሞቻችን ጥቂቶች ናቸው፣ ያሉትም በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው። ተመራማሪዎች በ2010 ብቻ በዓለም ላይ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ሕፃናት በዚህ በሽታ ታውረዋል ወይም ዓይናቸው ክፉኛ ደክሟል ብለው አስልተዋል። ካሳወራቸው ልጆች የሚበዙት ዛሬ የሚገኙት ማሞቂያ መግዛት በቻሉ፣ የዓይን ሐኪም ማዳረስ ባልቻሉ አገሮች ነው። ድሃ መሆን ያድናል ያልነው በሽታ፣ በመሐል ያለውን እየለየ ይዞታል።

አራተኛው ሳምንት ላይ ለእኛዋም ቀጠሮ ተሰጠን። እህቴ «ኪሎዋ ሳይሞላ ምን ብለው ነው ዓይኗን የሚነካኩት?» ብላ አኮረፈች። አርናል ፓትዝንም፣ ድመቶቹንም፣ ነርሶቹንም ነገርኳት። ስቲቪ ወንደርን ስነግራት ግን ዝም አለች። በማግስቱ ራሷ ተነሥታ ልጅቷን በነጠላ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛ ወጣች።

ብሌኗን የሚያሰፋ ጠብታ ጨመሩባት። ሐኪሟ በትንሽ ሽቦ ሽፋሽፍቷን ከፍታ፣ ግንባሯ ላይ ባሰረችው መብራት ስታያት ልጅቷ በዚያ ዕንቁላል በምታክል ደረቷ ሕንፃውን አናወጠችው። እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትጸልያለች። እኔ የሐኪሟን ፊት ነው የማየው። ግራውን አየች። ቀኙን አየች። መልሳ ግራውን አየች።

«የደም ሥሩ ዳር አልደረሰም ገና» አለች መብራቱን እያጠፋች። «ግን እያደገ ነው። የዛሬ ሁለት ሳምንት አምጧት፤ እንዳትቀሩ።»